ጌጁ አልተጣበቀም ነበር

ኦይልዴል፣ ካሊፎርኒያ
መጋቢት መጨረሻ

ውድ ወንድሜ ዴልበርት፣

ይህ የገና ካርድ አይደለም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየታኅሣሡ ሁለት መስመር ስንለዋወጥ ኖረናል፤ አንተ ከኤልኮ የበረዶ ሥዕል ትልክልኛለህ፣ እኔ ከዚህ የብርቱካን ሥዕል እልክልሃለሁ፣ በቃ። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ነገር ረዘም ይላል። ሳጥኑን ከመክፈትህ በፊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበው። የታሸገ ነገር ስታይ እንደማያስችልህ አውቃለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ ታላቅ እህትህን ስማ።

ነገሩ የተነሳው በጥር ነው። ዮላንዳ ባራጋን የምትባል ልጅ የ1932 ፎርዷን በተጎታች ጭና ጋራዤ በር ላይ ቆመች። ልጅ እላታለሁ እንጂ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ኑሮዋ የመስኖ ቧንቧ መበየድ ነው። መኪናዋን ብታያት ትወዳት ነበር። ጣሪያ የላትም፣ ፓራፋንጎዎቿ ተነቅለዋል፣ ሞተሩን በገዛ እጇ ነው የሠራችው፣ ብየዳዋም እንደ ስፌት የተስተካከለ ነው። የቀራት መለኪያዎቹ፣ ጌጆቹ፣ የሚደረደሩበት ክሩስኮቱ ብቻ ነበር። በግንቦት ኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅ ላይ ልትሮጥ ተመዝግባለች። ጌጅ እንድንመርጥ ነው የመጣችው፤ የመረጠቻቸውንም በስልኳ አሳየችኝ።

"እትዬ ጆኤላ፣ እነዚህን ይዩልኝ እስቲ። አያምሩም?"

"ያምራሉ። ለሠርግ ከሆነ በጣም ያምራሉ።"

"ምን ይወጣላቸዋል ደግሞ?"

"ነጭ ፊት በዚያ ፀሐይ ዐይንሽን ነው የሚያጠፋው። የክሮሙ ቀለበት ደግሞ ፊትሽ ላይ ያበራል። ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥር፣ ጥቁር ቀለበት። ሌላ ወሬ አልሰማም።"

"የነዳጁስ?"

"ለአንድ ማይል ከምናምን ሩጫ? ታንከሩን በእንጨት ለክተሽ ግቢ።"

"እሺ የፍጥነቱስ? የፍጥነት ቆጣሪ የሌላት የሩጫ መኪና አለች እንዴ?"

"ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ በወረቀት ይሰጡሻል። እየበረርሽ ምን ሊያደርግልሽ ነው? ልትደነግጪበት?"

ሳቀች፣ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። በአያቷ የድሮ መኪና ላይ የነበረውን፣ ወደ ባትሪ የሚገባና የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚለካውን ጌጅ ካላስገባሁ ብላ ሁለት ቀን ተከራከረችኝ። "የመኪናው ኤሌክትሪክ በሙሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ አንዲት ሽቦ ብትላላ እሳቱ የሚነሳው ጉልበትሽ ላይ ነው" ስላት ጊዜ ነው እጅ የሰጠችው። የባትሪውን ቮልት ብቻ የሚያሳየውን መረጥን።

ከዚያ አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ሠራን። ክሩስኮቱን ከካርቶን ቆረጥን፣ ጌጆቹን በቆርቆሮ ክዳኖች ተካን፣ ሄልሜቷን አድርጋ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። የትኛው ክዳን ከመሪው ጀርባ እንደሚደበቅ፣ የትኛው አንገት ሳይዞር እንደሚታይ እየነገረችኝ እኔ እየነቀልኩ ለጠፍኩ። በመጨረሻ አራት ቀሩ፤ ትልቁ የሞተር ዙር ቆጣሪ መሀል፣ የዘይት ግፊት ከግራው፣ የውሃ ሙቀት ከቀኙ፣ ቮልቱ ደግሞ ጥግ ላይ። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ስሠራ ደስ ይለኛል፤ ካንተ ጋር ስንጨቃጨቅ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ ጌጅ አልፈልግም አለች። ከመኪናዋ ዕድሜ ጋር የሚሄዱ አራት አሮጌ ጌጆች ከየቦታው ለቃቅማለች፣ መታደስ ብቻ ነው የሚፈልጉት። "ውስጣቸውን አጥቦ፣ አስተካክሎ፣ በትክክል እንዲናገሩ የሚያደርግ ሰው ማን አለ?" አለችኝ።

አፌን ስከፍት የወጣው ያንተ ስም ነው። ሳላስበው ወጣ።

"ዴልበርት ታኬት?" አለች። "ያ ጌጁ ተጣብቆ የእርስዎን ሞተር ያስበላው ሰውዬ? ኧረ ባክዎ! የእኔ ሞተር ላይማ አይሞክራትም።"

ዴልበርት፣ ይህች ልጅ ያን ቀን አልነበረችም። ዴላኖ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። አንተን በዐይኗ አይታ አታውቅም። እኔ የተናገርኩት ቃል ግን ደርሷታል። ካርቶኑን እንደያዝኩ "ነገ ተመለሺ" ብዬ ሸኘኋት።

ሐይቁ ላይ ሞተራችን የተበላ ዕለት ምን እንደሆነ አንተ ግማሹን ታውቃለህ። ግማሹን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ አሁን ልንገርህ።

የዘይት ግፊት ጌጁን ስትገጥመው አዙረህ ነበር የገጠምከው። የእኛ ሞተር ሲሮጥ ደህና የሚባለው ሰባ ላይ ነው፤ አንተም ሰባው አናት ላይ እንዲመጣ ጌጁን ወደ ግራ ከሩብ ዙር በላይ አዞርከው። ሌሎቹንም እንዲሁ። "ቁጥር አታንብቢ። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን አራቱም ጠቋሚዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንዷ ካዘነበለች እግርሽን አንሺ፣ ሌላ ነገር እንዳታስቢ" ብለኸኝ ነበር። እሺ ብያለሁ። በውስጤ ግን ቁጥሮቹ በጎናቸው ተጋድመው ሳያቸው ያስጠሉኝ ነበር።

ከሩጫው በፊት በነበረው ቀን አንድ የመጽሔት ፎቶ አንሺ መጣ። አንተ ነዳጅና በረዶ ልታመጣ አደላንቶ ሄደሃል። ሰውየው ካሜራውን ክሩስኮቱ ላይ ደቅኖ፣ "ይሄኛው ለምንድነው የተጣመመው? ስትገጥሙት ተሳስታችሁ ነው?" አለኝ። ላስረዳው እችል ነበር። አፈርኩ። ቁልፍ ይዤ እጄን ከኋላ ሰደድኩና ብሎኑን አላልቼ የዘይቱን ጌጅ ቀጥ አደረግኩት፣ ቁጥሮቹ እንዲያምሩ። ፎቶው ካለቀ በኋላ ልመልሰው አስቤ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ተነሳ፣ ድንኳኑን ስናሳድድ ዋልን፣ የክለባችን አንጋፋ ሃርላን ሥጋውን ጠብሶ ጠራን፣ ሳቅና ጨዋታ ሆነ። ረሳሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ረሳሁት።

በነጋታው ስሮጥ መጀመሪያው ባንዲራ ላይ አንድ ጊዜ አየሁ። አራቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግን ቀጥ ባለ ጌጅ ላይ አናት ላይ ያለው ሰባ አይደለም፣ አርባ ነው። ዘይት የሚስበው ቧንቧ ላልቶ አየር እየጠጣ ነበር። አንተ እንደገጠምከው ቢሆን ኖሮ ጠቋሚዋ ወደ ግራ ተኝታ አያት ነበር፣ እግሬንም አነሳ ነበር፣ ሞተሩም ይተርፍ ነበር። እኔ ግን ሁሉም ደህና ነው ብዬ የቀረውን ነዳጅ ሰጠሁት። ቢየላው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ብረት፣ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ሦስት ክረምት የለፋህበት ነገር ዘይት ሆኖ ነጩ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ከመኪናው ወጥቼ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ጠቋሚዋ ቀጥ ብላ ነበር፣ ንቅንቅ አላለችም፣ ጌጁ ተጣብቋል!" ብዬ ጮኽኩ። ያን ጊዜ የምሬን ነው፣ አምኜበት ነው የተናገርኩት። አንተ ባርኔጣህን አውልቀህ፣ "እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልክ። ሁሉም ሰማ።

ያንኑ ዕለት ጋራዥ ገብተን አንተ ልብስህን ልትቀይር ስትሄድ ጌጁን ፈታሁት። አንተ ጀርባው ላይ በመርፌ የጫርካት መስመር አለች፣ ክሩስኮቱ ላይ ካለችው ጓደኛዋ ጋር መግጠም ያለባት። መስመሮቹ ተራርቀዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። በነጋታው መጥተህ፣ "ጌጁን ስጪኝ፣ ከፍቼ የት ላይ እንደያዘው ልየው" አልከኝ።

"ጣልኩት" አልኩህ። "ተናድጄ በረሃው ላይ ወረወርኩት።"

አየኸኝ፣ አየኸኝና፣ "እሺ" ብለህ ወጣህ።

የበረሃው ላይ ጩኸቴ ስህተት ነበር። ይህኛው ግን ውሸት ነው፤ ዐይንህን እያየሁ፣ አውቄ ነው የዋሸሁህ። ምክንያቱን ከፈለግክ ደግሞ ቀላል ነው። በክለቡ ፈጣኗ ሴት እኔ ነበርኩ። ለፎቶ ብላ የወንድሟን ጌጅ ያጣመመች ሹፌር ከተባልኩ ማንም መኪናውን አይሰጠኝም ብዬ ፈራሁ። ወንበሬን ከአንተ ስም አስበለጥኩት።

ከዚያ የሆነውን አንተ ነህ የኖርከው። ዓመት ሳይሞላ ጌጅ የሚያመጣልህ ሰው ጠፋ። ለሐይቁ ሰዎች የአንድ ሹፌር ቃል ይበቃቸዋል፤ ማንም ሰድቦህ አይደለም፣ ዝም ብለው ሌላ ቦታ ሄዱ። አንተ የማዕድን ማውጫ መኪኖች ልትጠግን ኔቫዳ ስትሄድ ዕቃህን የጫንኩልህ እኔ ነኝ። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ እንዳይላላ ሁለት ጊዜ አጠበቅኩት፣ ከዚያ እጄን አወዛወዝኩልህ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ጌጁን አልጣልኩትም። በፎጣ ጠቅልዬ ከክረምት ብርድ ልብሶቹ ሥር ነበር የደበቅኩት። ዮላንዳ ስቃ የሄደች ዕለት አወጣሁትና ኮምፕሬሰሩ ላይ ከትክክለኛው መለኪያ ጎን ለጎን አሰርኩት። አስር ስሰጠው አስር አለ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። እስከ ሰማንያ ወሰድኩት፣ በየመስመሩ ላይ ቆመ። አየሩን ስለቀው ጠቋሚዋ ሳትንቀጠቀጥ ዜሮ ላይ ገባች። አስራ አንድ ዓመት በፎጣ ተጠቅልላ ያንን ሠራች። በርሜል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠረግኩና ምን ማድረግ እንዳለብኝ አሰብኩ፣ ለማሰብ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

በነጋታው ለዮላንዳ ሁሉንም ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። እጇን አጣምራ ሰማችኝና፣

"እትዬ ጆኤላ፣ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ለሰሙት ሰዎች ይንገሩ" አለችኝ።

"ልነግራቸው ነው።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ" አለች። እንዳላመነችኝ ገባኝ። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም ነበር።

የቅዳሜውን የክለብ ቁርስ ታውቀዋለህ፣ አልተለወጠም። ያው ምግብ ቤት፣ ያው ረጅም ጠረጴዛ፣ ያው ትንንሽ ዳቦ በነጭ መረቅ። ሃያ ሰው ይሆናል። ሃርላን ኩዊግሊ ሰማንያ አንድ ሞላው፣ አሁንም ራስጌ ነው የሚቀመጠው። ተነሳሁና ጌጁን ከካቻፑ ጎን አስቀመጥኩት።

"ጋሽ ሃርላን፣ ይህን ያውቁታል?"

"የዘይት ጌጅ ነው። ዐይኔ ቢደክምም ይህችን አልስታትም።"

"የዴልበርት ነው። አልተጣበቀም ነበር።"

ከፎቶ አንሺው ጀምሬ ለአንተ እስከዋሸሁህ ድረስ ተናገርኩ። ስጨርስ ሃርላን ጌጁን አንስቶ ጀርባውን አገላብጦ ያቺን የመርፌ መስመር በጣቱ ዳበሳት።

"ቆይ፣ ዴልበርት ይህን ያውቃል?"

"ገና አያውቅም።"

"ታዲያ ከእሱ በፊት ለእኛ የምትነግሪን ምን ስለሆንን ነው?"

"ስሙን ያጠፋሁት እናንተ ፊት ነው። እናንተ ፊት ሳልመልስለት ባዶ እጄን ይቅርታ ልለው አልፈልግም።"

ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። "እኔ ያን ዓመት ስድስት ጌጄን ከእጁ መልሼ ተቀብዬ ነው ሎስ አንጀለስ ለሌላ ጠጋኝ የላክሁት" አለ። "ገና ያልነካቸው ነበሩ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። አንቺ ልጅ፣ እዚህ ያዋረድሽው ራስሽን ብቻ ይመስልሻል?"

አንዱ ከወዲያ ማዶ፣ "ይህች ሴትዮ እኮ የመኪና ፈታሻችን ናት!" አለ። እውነቱን ነው። ስድስት ዓመት ሐይቁ ላይ የሰው መኪና እየፈተሽኩ "ይህ አልጠበቀም፣ ይህን መልስ" ስል ኖሬያለሁ። የፈታሽነቱን ብርቱካንማ ሰደርያ ይዤው ነበር የሄድኩት። አጣጥፌ ሃርላን ፊት አኖርኩት። "ተይው፣ ያንቺው ነው" ይለኛል ብዬ አልጠበቅኩም፣ አላለኝምም። ወንበሩ ሥር አስገባው።

ከምግብ ቤቱ ስንወጣ ዮላንዳ መኪናዬ ድረስ አብራኝ መጣች። "ሥራችንስ? ክሩስኮቱን ሰኞ እንቆርጣለን አይደል?" አለችኝ። እንቆርጣለን አልኳት። ከእሷ በቀር ማንም ሰላም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ጠዋት የሃርላን መኪና በሬ ላይ ቆመች። ስድስት ጌጅ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣ። የድሮዎቹ ስድስት አይደሉም፣ ግን ቁጥሩ ስድስት እንዲሆን ፈልጎ ከሌላ መኪናው ላይ ሳይቀር እንደነቀለ ራሱ ነገረኝ። ሐሙስ ሌሎች ሁለት ሰዎች መጡ፣ ሁለት ሁለት ይዘው። ዮላንዳ አራቱን አመጣች። ወደ ቤት ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ ለእኔ ብለው እንዳልመጡ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሳጥኑ ውስጥ አስራ አራት ጌጆች አሉ። አስራ አምስተኛው በፎጣ የተጠቀለለው ያንተው ነው፣ ብሎኑ ላይ የኔ ቁልፍ የቧጨረው ይታያል፣ አልጠረግኩትም። በሌሎቹ ላይ ባለቤቶቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን በእጃቸው ጽፈው አስረዋል። የዮላንዳ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ "ጋሽ ዴልበርት፣ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን አራቱም ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርገው ምልክት ይጫሩልኝ። እህትዎ እንዳይነኳቸው እኔ እጠብቃቸዋለሁ።" ልጅቷ ምላሷ ስለት ነው፣ ትወዳታለህ።

የሃርላን አጭር ናት። "ዴልበርት፣ መጀመሪያ ከእኔ ጀምር አልልህም። ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ትንንሾቹን የጌጅ መጠገኛ መሣሪያዎችህን እንዳልሸጥካቸው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የጫንኳቸው። ሥራውን መቀበል አለመቀበል ግን ያንተ ፈንታ ነው። ሳጥኑን እንዳለ ብትመልሰው ማንም አይቀየምህም፣ እኔ ደግሞ ጨርሶ መብት የለኝም። ግንቦት ላይ ሐይቁ ጋ እኖራለሁ፣ ሰደርያ የለኝም፣ የዮላንዳን መኪና እገፋለሁ። ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ካለ እውነቱን እነግረዋለሁ። የማይጠይቀኝንም እነግረዋለሁ።

ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ። ይህን ቃል ካርድ ላይ ልጽፈው አልቻልኩም ነበር።

ለእኔ መልስ ካልጻፍክልኝ ይገባኛል። ለእነሱ ግን ጻፍላቸው፤ አድራሻቸው ላንተ ነው የተጻፈው።

እህትህ
ጆኤላ ታኬት